የእማዬ ብርድ ልብስ አራተኛው ጥግ

እትዬ፣

ሥራ ልሄድ ነው። ምሳሽ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው።

ከእማዬ ቀሚሶች የሰፋነው ብርድ ልብስ አልጋሽ ላይ ነው። ትናንት የፈታሽብኝን ጠርዝ መልሼ ቀምቅሜዋለሁ፣ ያውም በድርብ ክር። ጠማማ ነው ብለሽ ለጎረቤት ከምታወሪ ለእኔ ብትነግሪኝ አፍሽን ያምሽ ነበር? ይሁና! እማዬም ጥግ ላይ ስትደርስ ጨርቁን አጥፋ በእጇ ነበር የምትሰፋው። እንዳንቺ በመቀስ ከርክማ አትገላገልም ነበር።

ሦስቱን ጥግ ጨርሻለሁ። ብትፈቺው ነገም እሰፋዋለሁ። እልኸኛ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ከማን እንደወረስኩትም ታውቂያለሽ።

አራተኛው ያንቺ ነው። መርፌው እዚያው ተሰክቷል፣ እንዳይወጋሽ። ካሻሽ ከርክመሽ ስፊው።

እኔ ያንቺን አልፈታም።