የእናቴ ዘንግና የአደባባዩ ብረት

ማክሰኞ

ተከፈተ። አደባባዩን የከበበው ቆርቆሮ ተነስቶ ሰው በእግሩ መሻገር ጀመረ። መንገዱ ሲሠራ በከረመበት ጊዜ ሁሉ እናቴ ማንጎዋን ተሸክማ ገበያ የምትደርሰው በዳገቱ ዞራ ነበር። ጉልበቷን የጨረሰው እሱ ነው። ዛሬ ቀጥ ብለን እንሻገራለን ብለን ደስ ብሎን ሄድን።

አልተሻገርንም። ሞተር ሳይክል እንዳይገባ መግቢያው ላይ ወገብ የሚደርስ ብረት አጥረውበታል፤ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ቀኝ የሚዞር። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ያልፋል። እናቴ ግን እንደ ትውልድ አገሯ እንደ መንጌ ሴቶች ረጅም ዘንግ ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ በሁለቱ ጫፍ ቅርጫት አንጠልጥላ ነው የምትሸከመው። መታጠፊያው ላይ ቅርጫቶቹ ብረቱን መቱ። ዘበኛው ጋሽ ደጉ፣ "እናት፣ ትንሽ ዞር በይ፣ አሁን ደግሞ ወደዚህ" ይላታል። "እኔ ቁልፍ ነኝ እንዴ?" አለችው። ከኋላ የቆሙት ሳቁ። እኔ የወደቀውን ማንጎ እየለቀምኩ ቀና አላልኩም።

ረቡዕ

በዳገቱ ዞረች። ስትመለስ ጉልበቷ አብጧል። ሸክሙን አውርደሽ ተሻገሪ እንዳልላት፣ አንዴ ካወረደችው ጉልበቷ መልሶ አያነሳትም። አንድ በአንድ ላሻግርልሽ ስላት፣ "አንዱን ስታሻግሪ ሌላውን ማን ይጠብቃል?" አለች። እንዲህ ከሆነ ከተማውን ትታ መንጌ እህቷ ጋ እንደምትገባ ተናገረች። እየቀለደች መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም።

ሸክሙን ይዛ ቆማ ሳለ አንድ ነገር አየሁ። የቅርጫቶቹ ቂጥ ከጉልበቴ በላይ ነው።

ሐሙስ

ለመንገድ ሥራው ፎርማን የምናገረውን በቃሌ ያዝኩ። ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በአራተኛው ፎርማኑ ራሱ "ምን ጠፋብሽ እህቴ?" አለኝ። ሁሉም ጠፋብኝ። "ብረቱ ረጅም ነው" ብቻ አልኩ።

"ለሞተር ነው።"

"እስከ ጉልበት ቢሆንም ሞተር አይዘለውም። የእናቴ ቅርጫት ግን ከላይ ያልፋል።"

"መሐንዲስ ነሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

"ሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት።"

መሳቁን ተወ። ነገ እናትሽን ከነሸክሟ አምጪያት አለኝ። እንዴት አድርጌ ነው የምነግራት?

ዓርብ

ተቆጣች። "የኔን ጉልበት ለሰው ታወሪያለሽ?" ስለ ቅርጫቱ እንጂ ስለ ጉልበትሽ አላወራሁም አልኳት። እውነቴን ነው። ዘንጓን አነሳች።

ፎርማኑ ከብረቱ አጠገብ በጉልበት ልክ ገመድ ወጥሮ፣ ልክ እንደ መግቢያው አጣጥፎ ጠበቃት። ስትዞር የኋላው ቅርጫት ገመዱን ነካ። ገመዱን አራት ጣት ዝቅ አደረገው። አለፈች! አለቃዬን ልጠይቅ አለ። እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ቅዳሜ

ተቆርጧል። ጠዋት ስንደርስ ብየዳው አዲስ ነበር፣ ገና ቀለም አልተቀባም። እናቴ ገባች፣ ታጠፈች፣ ቅርጫቶቹ ከብረቱ በላይ ተንሳፍፈው ዞሩ። አንድም ማንጎ አልወደቀም። ማዶ ስትደርስ ፊቷን አየሁት። ስለ መንጌ ምንም አላለችም።

ከኋላዋ የመጣች አጭር ሴት ግን ተያዘች፤ የሷ ቅርጫቶች ዝቅ ብለው ነው የሚንጠለጠሉት። እናቴ ዞር ብላ በቋንቋችን፣ "ቆይ፣ ልጄ ትነግረዋለች" አለቻት። ሰው ሁሉ አየኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሄጄ ለፎርማኑ ነገርኩት። ሰኞ አየዋለሁ አለ። ይየው አይየው አላውቅም። ግን ሁለቴ ብቻ ነው የተንተባተብኩት።