የድሪቶው ገበር

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ አሲያ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላህ። እንደምን ሰነበቱልኝ? ሐኪሙ የዓይንዎን ፋሻ ፈታልዎት? ወንድሜ ሂሻምስ፣ ሚስቱስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ታጣቂዎቹ ከመርሳ ከወጡ ወዲህ ቤታችን ገብተናል። በሩ ተሰብሯል፤ ግድግዳው ቆሟል።

የአክስቴን የሁሪያን መርዶ ሂሻም እንዳረዳዎት ሰማሁ። በሾፌሩ በብርሃኑ በኩል ሁለት ጥያቄ ልከውልኛል፤ እህትዎ በምን እንደተከፈነች፣ የእናትዎ ድሪቶስ ተርፎ እንደሆነ። የሁለቱም መልስ አንድ ነው።

በነሐሴ ስንሸሽ ከቤት ያወጣሁት ድሪቶውን ብቻ ነው። ግራና አጠገብ አንድ ገበሬ ቤት ተጠግተን ሳለ አክስቴም እዚያው መጣች። ድሪቶውን ለእሷ እንዳላሳይ አዘውኝ ነበር፤ አያቴ ከሞቱ ጀምሮ አራት ዓመት የተኳረፋችሁት በእሱ መሆኑን አገር ያውቃል። ግን አንድ ክፍል ውስጥ ምን ይደበቃል? አብረን ለበስነው።

ቁራጮቹን በጣቷ እየነካች ነገረችኝ። ካኪው የወንድ አያቴ ኮት ነበር፤ ሰማያዊው የአጎቴ ሽርጥ። ፊደል ያለበት የሰባ ሰባቱ የእርዳታ ዱቄት ከረጢት ነው፤ ስንቴ ታጥቦም ፊደሉ አልለቀቀም። መሀሉ ያረጀ ጋቢ፣ ገበሩ ነጭ አቡጀዲ። ቀይ አበባ ያለባት፣ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ላይ ስትደርስ ግን ዘላት አለፈች።

በኅዳር የስኳር መድኃኒቷ አለቀ፤ በሳምንቱ ሞተች። እስከ ውርጌሳ ድረስ የተከፈተ ሱቅ አልነበረም፤ ነጭ ጨርቅ ጠፋ። ገበሩን ተርትሬ አጠብኩት። እሷንም ያጠብኳት እኔ ነኝ። ለሴት አምስት ቁራጭ ነበር ወጉ፤ አቡጀዲው የደረሰው ለሦስት ነው። ሸህ ሙሄዲን ለተቸገረ ይበቃል አሉ። ሳላስፈቅድዎት ያደረግሁት ነው፤ ቢቆጡኝም አልጸጸትም።

ቀይዋን ቁራጭ ልጨምርላት ብል ሸህ ሙሄዲን ከለከሉኝ። አክስቴ ከመሞቷ ሁለት ቀን በፊት ነግራኛለች፤ ከእርስዎ የልጅነት ቀሚስ የተቆረጠች ነች። እንደ እናት አዝለው ሲያሳድጓት ይለብሱት የነበረው ነው አለች። ድሪቶውን ያን ሁሉ ዘመን የፈለገችው ለዚያች ቁራጭ ብላ ነው።

ቁራጯን እዚህ ውስጥ አጥፌያታለሁ። ዓይንዎ ካላየልዎት ሂሻም እጅዎ ላይ ያስቀምጥልዎት።

ባለቤቴ አብዱልሐሊም እጅ ነስቷል። ልጄ ዓሪፍ ጉልበትዎን ስሟል። ሂሻምን፣ ሚስቱን ትዝታንና ልጆቹን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ናጅዋ
መርሳ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2014 ዓ.ም.