ከቤንዚን ታንኩ ስለፈቷት አረንጓዴ ሽቦ

ለተከበሩ ሐጂ ሸሪፍ፣
በጅዳ ኦብሑር የባሕር ዳርቻ የሽርሽር ጀልባዎች ኃላፊ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። አላህ ጤናዎን፣ ዕድሜዎን፣ በተለይም ቅንድብዎን ይጠብቅልን፤ ቤንዚን አጠገብ ቀድሞ የሚሄደው ቅንድብ ነውና። እኔ ጀልባዎ ላይ የሚሠራው የተውፊቅ ታናሽ እህት ኑሃ ነኝ። ልጅ በትልቅ ሰው ሥራ አይገባም እንደሚሉ ስለማውቅ፣ በሥራዎ ሳልገባ፣ የጅዳ ወገኖቻችን ሁሉ በሚያነቡት በጀመዓችን ዋትሳፕ ላይ ብቻ ልጽፍልዎ ወደድኩ።

አንደኛ፣ ስለ ሽቦዋ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የብረቱን መሙያ አፍ ከታንኩ ጋር የምታገናኘውን አረንጓዴ ሽቦ፣ “ሽቦ ባለበት እሳት አይጠፋም” ብለው በገዛ እጅዎ ፈትተው ጥለዋታል። የምስኪኗ ሥራ ግን ተቃራኒው ነበር። ቤንዚን ሲወርድ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ በመካከል ያለው የጎማ ቱቦ አያሳልፈውም፤ እሷ ነበረች ተቀብላ ወደ ታንኩ፣ ከዚያም ወደ ባሕሩ የምትሸኘው። አሁን መሄጃ አጥቶ መሙያው አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ወንድሜን ይጠብቃል። ይህን የተማርኩት፣ እርስዎ “ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል” ባሉት ትምህርት ቤት ነው።

ሁለተኛ፣ ጀልባዋ እንዳትጫር ብለው የእንግዶቹን የናይሎን ምንጣፍ አንጥፈው ጀሪካኑን እዚያ ላይ ያስሞላሉ። ጀሪካን እንደ አማች ምንጣፍ ተነጥፎለት ያየሁት እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው። ጀሪካን ክብር አይፈልግም ሐጂ፤ ናይሎን ያንኑ ኤሌክትሪክ አግዶ ያስቀርበታልና፣ ከጀልባ ወርዶ መሬት ላይ ነው የሚሞላው።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ሐሙስ ተውፊቅ የነዳጁን ቧንቧ ጫፍ ወደ መሙያው ሲያስጠጋ ብልጭ አለበት፤ ጣቱንም ነዘረው። እርስዎም “ጅን ነው ልጄ፤ ቢስሚላህ በልና ቀጥል፣ ያላ!” አሉት። ቢስሚላህ ብሎ ነበር። እኛ ቤት ግን ግመልን አስሮ ነው በአላህ መመካት ተብለን ነው ያደግነው። እናቴ ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች፤ ልጅሽ ተቃጠለ የሚላት ሰው እየመሰላት። እዚህ ላይ ቀልድ አልመጣልኝም፣ ይቅር ይበሉኝ።

ስለሆነም ከነገው የጁምዓ ሽርሽር በፊት ሽቦዋ ወደ ቦታዋ እንድትመለስ፣ የቧንቧው ጫፍም ቤንዚኑ ወርዶ እስኪያልቅ ከብረቱ አፍ እንዳይላቀቅ እንዲያዝዙልን፣ ለጢምዎ ባለኝ ጥልቅ አክብሮት እለምናለሁ።

በሰላም ውለው እንዲገቡ የቀይ ባሕር ዓሣዎች ሳይቀሩ የሚመኙልዎ፣ እኔም ከእነሱ ጋር፣ ቤንዚን በማይደርስበት ርቀት ቆሜ እጅ የምነሳ፣
ታዛዥ ልጅዎ ኑሃ

ማሳሰቢያ፦ እናቴ ዛሬ ጠዋት “ሽቦው እስኪመለስ ልጄ ቤንዚን አይነካም፤ ሐጂ ራሳቸው ይሙሉ” ብላ ብትልክብዎ፣ ድንገት ወገብዎን እንደያዘዎ ሰማን። አላህ ያሽርዎ። ተውፊቅ ነገ ቤት ይውላል፤ እንግዶቹ ሲመጡ ከተሻለዎት፣ ቧንቧውን የሚነካብዎ የለም።