ልጄን በገዛ እጄ ስላስመዘገብኩበት የተጋላጭ ወጣቶች መዝገብ

ለተከበሩ ኢንስፔክተር ቀለመወርቅ፣
የሰፈራችን የወጣቶች ጥፋት ቅድመ መከላከል ክፍል ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከልጄ ከቦሩ በስተቀር እኛ በእርስዎ ጥበቃ ደህና ነን።

ባለፈው ጥቅምት ባልደረቦችዎ ወደ ኮንዶሚኒየማችን መጥተው «ለጥፋት ተጋላጭ ወጣቶችን» ሲመዘግቡ የመጀመሪያዋ ተሰላፊ እኔ ነበርኩ። በእኛ ሰፈር ስም የሚጻፈው ዘይትና ስኳር ሲመጣ ነውና፣ ይህም የሥልጠና ዕድል መስሎኝ፣ ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ ልጄን ከነፎቶው አስመዘገብኩት። ተጋላጭ ነው ወይ ተብዬ ስጠየቅም፣ ዕድሉ እንዳያመልጠው ብዬ፣ በጣም አልኩ። ይህን ሞኝነቴን ማስረጃ ስላደረጉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቅሬታ ማቅረብ ድፍረት ስለሚሆንብኝ ውለታዎን ብቻ ልቁጠር።

1ኛ፦ ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ ላይ ሞባይል በተነጠቀ ቁጥር የእኛን በር በማንኳኳት ራስዎን ሌባ ከመፈለግ ድካም አሳርፈዋል። ሮጦ የሚያመልጥን ከማባረር፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሒሳብ የሚያጠናን ልጅ መያዝ ለጉልበትም ለጫማም እንደሚሻል የገባዎ ብልህ ሰው ነዎት።

2ኛ፦ የሰፈሩ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን ብቸኛ የጆተኒ ጠረጴዛ የጥፋት ምንጭ ነው ብለው ወስደው ጣቢያዎ ግቢ ስላስቀመጡት፣ ቢያንስ ፖሊሶችዎ ከቦዘኔነት ድነዋል።

3ኛ፦ ቦሩ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊቀመጥ አንድ ቀን ሲቀረው ለምክር ብለው ወስደው ሦስት ቀን አቆዩት። መካሪው ዕረፍት ላይ ነበሩ። የፈተና መግቢያ ካርዱን ይዤ በርዎ ላይ ቆሜ ብለምን፣ ቅድመ መከላከል ትዕግሥት ይፈልጋል ተብዬ ተመለስኩ። ፈተናው አለፈው። ይህችን እንኳን በትሕትና ልጽፋት ሞክሬ አቃተኝ፤ አንጀቴ አርሯል።

4ኛ፦ ስሙ እንዲሰረዝልኝ ባመለክት፣ ከዚህ መዝገብ የሚወጣው ጥፋት ፈጽሞ ወደ ወንጀለኞች መዝገብ የተዛወረ ብቻ መሆኑን ጸሐፊዎ በፈገግታ አስረድታኛለች። መውጫውን ስላሳያችሁን እናመሰግናለን።

ዕድሜና ሹመት ይጨምርልዎ፤ የእርስዎንም ልጆች እንደ እርስዎ ያለ አሳቢ እንዳያጋጥማቸው እየጸለይኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ኤቢሴ ቀጄላ
ከዓለም ባንክ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ

የተረሳ፦ ቦሩ ጓደኛ የለውም ብዬ እጨነቅ ነበር። ጣቢያዎ ውስጥ አብረውት የሰነበቱ ሁለት ልጆች ግን አሁን ከደጅ ሆነው በፉጨት ይጠሩታል፤ እሱም መጽሐፉን ትቶ ይከተላቸዋል። ያኔ ሳስመዘግበው ዋሽቼ ነበር፤ እርስዎ እውነት አደረጉልኝ።