ከኋላው መድፍ አጠገብ ያለው መርከበኛ

ሄይጂ፣

ሩዙ ድስቱ ውስጥ ነው። መስኮቱን እንዳትከፍት፤ በዚህ የዝናብ ወር የሞዴል መርከቧ ቀለም ሳይደርቅ ይነጣብሃል።

ትናንት እንግዶችህ «ማን ሠራት?» ሲሉህ «እኔ ነኛ! ቶራኪቺማ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚይዝልኝ» ብለህ አሳቅህብኝ።
ይሁን። የሠሪነቱን ስም ውሰደው።

ከኋላው መድፍ አጠገብ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሰው አጣብቄያለሁ። «ትንኝ ያረፈባት ነው የምትመስለው፣ ንቀለው» ያልከኝን።
አባቴ ነው። እውነተኛዋ መርከብ ስትሰጥም እዚያ መድፍ ላይ ነበር። አፅሙ ነው ተብሎ ለእናቴ በመጣላት ሣጥን ውስጥ ድንጋይ ብቻ ነበር።

እኔ ኦሳካ ሄጃለሁ፤ አልመለስም።
ባንዲራዋን አልሰቀልኩም፤ አንተው ስቀላት።
አባቴን ግን እንዳትነቅልብኝ። ሌላ መቃብር የለውም።

ቶራኪቺ