ዘጠና አምስት ጥቅል መጻሕፍት

«በቤተ መጻሕፍቱ የሚገኙ መጻሕፍት በተጠቃሚዎች በተደጋጋሚ በመነበባቸው ምክንያት ለእርጅናና ለብልሽት እየተጋለጡ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ማኅበራችሁ በእጁ የሚገኙትን መጻሕፍት በሦስት ቀን ውስጥ ለንብረት ክፍል እንዲያስረክብና የንባብ ክፍሉን ቁልፍ እንዲመልስ እናሳስባለን።»

(ከጽሕፈት ቤትዎ የካቲት 6 ቀን 2005 ዓ.ም. ከደረሰን ደብዳቤ ቃል በቃል የተገለበጠ)

መጋቢት 24 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሌሊሳ
የንባብ አገልግሎትና የንብረት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጭሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይም በየቀኑ ያን ሁሉ ወረቀት የሚፈርመው ቀኝ እጅዎ እንዳይዝልብዎ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጥረው ከልብ እመኛለሁ።

ስሜ ኩማ ቢቂላ ነው። ከመቻራ የቡና ማሳ እስከ ሚኤሶ የማሽላ እርሻ አፈር ስለካና ስመረምር ሃያ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ፤ አሁን የቤተ መጻሕፍቱ ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ማኅበራችን ደመወዝ የማይከፈላቸው አሥራ አንድ አባላት አሉት። ላለፉት ስድስት ዓመታት ሥራችን ሁለት ነበር፤ አንደኛው መጻሕፍት ከየሰዉ ለምኖ መሰብሰብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከምሳ በኋላ ከተማው ጫት ይዞ ለበርጫ በሚቀመጥበት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛም እንደ ከተማው በሚሆንበት ሰዓት ተራ ገብተን በሩን መክፈት። ይህንን የምገልጸው ለምስጋና አይደለም፤ ምስጋናውን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. መጻሕፍት በመነበባቸው እንደሚያረጁ ስላሳወቁን እናመሰግናለን። እኛ በየዋህነት ገጹ የለሰለሰ፣ ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ባየን ቁጥር ደስ ይለን ነበር። ወይዘሮ ሙሉ የተባሉት አባላችንማ የተገነጠሉትን በሙጫና በመርፌ ቀን ሙሉ ሲጠግኑ ይውሉና፣ ይህ መጽሐፍ ብዙ ሰው ጠቅሟል ብለው ይመርቁት ነበር። አሁን ግን ጥፋታችን ገብቶናል። በእርስዎ ሚዛን ከሁሉ የተሻለው መጽሐፍ ማንም ያልገለጠው እንደሆነ ተረድተናል።

2ኛ. በደብዳቤው ሁለተኛ አንቀጽ «በመንግሥት ንብረት አቅራቢያ ውሃ ማስቀመጥ» በሚል ስለተወገዘው ጀሪካናችን እናመሰግናለን። አንባቢ ሁሉ መጽሐፍ ከመንካቱ በፊት እጁን እንዲታጠብ በር ላይ ያስቀመጥነው ባለ ቧንቧ ጀሪካን ነበር፤ ያለ ክርክር አንሥተነዋል። ይሁን እንጂ መጋቢት 10 ቀን በዚያው የንባብ ክፍል፣ በባዶዎቹ መደርደሪያዎች መካከል፣ ስለ ንባብ ባህል መዳበር የግማሽ ቀን ዐውደ ጥናት ባዘጋጁ ጊዜ በየወንበሩ ፊት የታሸገ ውሃ ተደርድሮ አይቻለሁ። የውሃውን ዓይነት በመለየት ረገድ ጽሕፈት ቤትዎ ያለውን ጥንቃቄ ሳላደንቅ አላልፍም። እግረ መንገዴንም በዕለቱ ለሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል የተናገሩትን ተናጋሪ፣ ንባብ የሕይወት ብርሃን ነው ካሉ በኋላ ብርሃኑ የት እንደተቆለፈ ባለመጠየቃቸው ስለ ጨዋነታቸው አመሰግናለሁ።

3ኛ. ይህ ምስጋና ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

መጻሕፍቱን እንድናስረክብ በታዘዝን ጊዜ አልተከራከርንም። አባላችን ታጁዲን፣ እንደሚያውቁት ዕለት ዕለት ጫት እየጠቀለለ ለመኪና የሚያደርስ ሰው ነው፤ በመንገድ ላይ ጠርዛቸው እንዳይጎዳ ብሎ መጻሕፍቱን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት አድርጎ፣ ልክ እንደ ጫት ዙርባ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ አሰራቸው። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ መጻሕፍት ዘጠና አምስት እስር ሆኑ። የንብረት ክፍሉ አቶ ጀምበሩ ደግሞ ሳይፈቱ ቆጠሩና በንብረት ገቢ ደረሰኙ በሞዴል 19 ላይ «ጥቅል መጽሐፍ፣ ብዛት 95» ብለው መዘገቡ፤ በየገመዱም ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጠፉ። እኔ በቦታው ነበርኩ። ነገሩ ለዕለቱ ብቻ መስሎኝ ዝም ማለቴን እዚህ ላይ እመሰክራለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካለው ጥፋት ያንዱ ባለቤት እኔ ነኝ።

ወይዘሮ ማሚቴ በጤና ጣቢያ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ዕድሜያቸው ሠላሳ ሰባት ነው፤ በማታው ክፍለ ጊዜ አሥረኛ ክፍል ደርሰዋል። በግንቦት መጨረሻ የሚሰጠውን ፈተና ካለፉ ከመጥረጊያው ወደ ካርድ ክፍል እንዲዛወሩ ተስፋ ተሰጥቷቸዋል። ለማታ ተማሪ መጽሐፍ አይታደልም፤ ስለዚህ ከሥራ ወጥተው ትምህርት እስኪጀመር ባለው ሁለት ሰዓት ውስጥ እኛው ዘንድ ቁጭ ብለው የባዮሎጂውን መጽሐፍ ያነቡ ነበር። የንባብ ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ ባወጣው አዲስ መመሪያ መሠረት አንድ መጽሐፍ ለማግኘት ማመልከቻ ጻፉ፣ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ ጠሩ፣ የሦስት ኃላፊዎችን ፊርማ ፈለጉ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ለመስክ ሥራ መሰላ ከተማ ስለነበሩ ስምንት ቀን ተጠበቁ። ሌላው የሚገኙት ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ወይዘሮ ማሚቴ ሦስት ቀን ከሥራ ፈቃድ ወሰዱ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን የተሟላ የንብረት ወጪ ቅጽ፣ ሞዴል 22፣ ይዘው ንብረት ክፍል ሲደርሱ አቶ ጀምበሩ በትሕትና ተቀበሏቸው፤ ፊርማዎቹንም አንድ በአንድ አመሰገኑ። ከዚያም መዝገቡ ላይ መጽሐፍ የሚባል ንብረት አለመኖሩን፣ ያለው ጥቅል መጽሐፍ ብቻ መሆኑን፣ ጥቅል ለመፍታትም ኮሚቴ መቋቋም እንዳለበት አስረዱ።

ወይዘሮ ማሚቴ መፍትሔ አላጡም። «እንግዲያው ከነእስሩ ይስጡኝ፣ ተሸክሜ እሄዳለሁ፤ አንዱን ሳነብ አሥራ አንዱ ይቀመጥ» አሏቸው።

አቶ ጀምበሩም «እህቴ፣ ወረቀትሽ አንድ መጽሐፍ ነው የሚለው፤ ጥቅል ለመጠየቅ ደግሞ መሥሪያ ቤት መሆን አለብሽ» ብለው መለሱ።

እኔም አብሬ ስለነበርኩ፣ መጻሕፍቱ ለማን እንደተቀመጡ በአክብሮት ጠየቅሁ። አቶ ጀምበሩ ቁልፋቸውን ኪሳቸው እየከተቱ «ጋሼ፣ መጽሐፉ የት ሄደ? እንዲያውም አሁን ነው በደንብ ያለው» አሉኝ። እኚህን ሰው አልወቅስም። ክፍሉ ውስጥ ከሲሚንቶ ከረጢትና ከአሮጌ ጎማ ጎን ተደርድረው ያየኋቸው እስሮች በእርግጥም በደንብ አሉ። አቧራው በግምቴ ሦስት ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሙያዬ አንጻር ሲታይ ጥቂት ዝናብ ከጣሪያው ቢገባ ጤፍ ሊበቅልበት የሚችል የአፈር ንጣፍ ነው። ዝናቡም ሩቅ አይደለም።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬን እዚህ ላይ ገትቼ ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ማኅበራችን የሰጠውን መልሶ አይጠይቅም። የምንጠይቀው ኮሚቴ እንዲቋቋም ነው፤ የኮሚቴው ሥራም ዘጠና አምስት ገመድ መቁረጥ ብቻ ነው፤ መቀሱን ወይዘሮ ሙሉ ያቀርባሉ። ቀጥሎም ዕቃው እንደ ዕቃነቱ አንድ በአንድ እንዲመዘገብና የንባብ ክፍሉ ቁልፍ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ይህ ከፈተናው በኋላ ቢደረግ መጻሕፍቱ ምንም አይጎድልባቸውም፤ ወይዘሮ ማሚቴ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ይጎድልባቸዋል፤ የካርድ ክፍሉም ወንበር አንድ ዓመት አይጠብቃቸውም።

ስለዚህ ፈቃድዎ ወይም ክልከላዎ፣ ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን፣ ቁጥርና ማኅተም ባለው ጽሑፍ እስከ ማክሰኞ ሚያዝያ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ እንዲደርሰን አጥብቄ እጠይቃለሁ። በቃል የሚሰጥ መልስ፣ በመንገድ ላይ ትከሻ መታ መታ ማድረግም ሆነ «እናየዋለን» የሚለው ቃል እንደ መልስ አይቆጠርም። ሰዓቱን ስድስት ያደረግሁት ከዚያ በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ፈራሚ እንደማይገኝ ስለማውቅና እርስዎን ለማስቸገር ስላልፈለግሁ ነው።

ለጽሕፈት ቤትዎ ወንበርና ለተቀመጠበትም ሰው ከተገቢው በላይ የሆነ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ በተዘጋው የንባብ ክፍል ደረጃ ላይ ቆሜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ኩማ ቢቂላ
የቤተ መጻሕፍቱ ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ የውሰት መዝገባችንን ሳገላብጥ፣ መጻሕፍቱን ስናስረክብ ያልተመለሰ አንድ መጽሐፍ እንደነበር አየሁ። ከነበሩን ሁለት የአሥረኛ ክፍል የባዮሎጂ መጻሕፍት አንዱ ነው። ጥቅምት 19 ቀን ለአንድ ሳምንት ተብሎ የተወሰደው በክቡርነትዎ ስም ሲሆን፣ የተፈረመውም በራስዎ እጅ ነው። ለልጅዎ እንደሆነ እገምታለሁ፤ ንባብ ይቅናት። እባክዎ አይመልሱት፤ ከመጻሕፍታችን ሁሉ ዛሬ ሰው የሚያነበው እሱን ብቻ ነው። ይልቁንስ ወይዘሮ ማሚቴ በየትኞቹ ቀናት ቤትዎ መጥተው ከልጅዎ አጠገብ ቁጭ ብለው ሊያነቡ እንደሚችሉ ይጻፉልን። ከሥራ የሚወጡት አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ቤትዎንም ያውቁታል።