እንግዶቹ እስኪመጡ የተዘጋው አስፋልት

ይድረስ በመርሳና በሲሪንቃ መካከል የሚሠራውን አውራ ጎዳና በበላይነት ለሚመሩት ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከበጋው አቧራ ወደ ክረምቱ ጭቃ በሰላም ተሻግረን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። የእርስዎም ጤና፣ የቤተሰብዎም ጤና፣ በተለይም ወገብዎ ደህና ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። ወገብን ለይቼ ያነሳሁት፣ በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ከሌላው አካል ሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ ነው።

ስሜ ሲሳይ ብርሃኔ ይባላል፤ ከመርሳ ወልድያ ሚኒባስ እነዳለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ክቡርነትዎን ለመድፈር ሳይሆን፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑና ምናልባት ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ይኖር ይሆናል ብዬ ነው።

ከአቤቱታዬ በፊት ምስጋናዬን ላቅርብ። የሠሩልን አስፋልት እጅግ ያማረ ነው። ለስላሳ ነው፣ መሃሉ ነጭ መስመር ተሰምሮለታል፣ የድልድዩ ግንብ ሳይቀር ቀለም ተቀብቷል። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው ከጎኑ ባለው ተለዋጭ መንገድ ጭቃ ውስጥ እየዳከርኩ በየቀኑ በመስኮት ስለማየው ነው። ከፋሲካ በፊት ሥራው አልቆ፣ ሪባን የሚቆርጡት እንግዶች ስላልመጡ ብቻ በሁለቱም ጫፍ በአፈር ቁልልና በድንጋይ ተዘግቶ ይኸው ነሐሴ ገባ። እስካሁን የአንድ ሚኒባስ ጎማ አላቆሸሸውም፤ ለዚህ ንጽሕና ሕዝቡ ምን ያህል ባለ ዕዳዎ እንደሆነ ቃላት የለኝም።

አቤቱታዎቼን በቁጥር የማቀርበው ቢሮዎ ቁጥር ስለሚወድ ነው።

፩ኛ. ተለዋጭ መንገዱ የሚያልፈው በወንዙ ሆድ ውስጥ ነው። ውሃው በሚሞላበት ወቅት እንዲህ ያለ መንገድ ማን እንደቀየሰው ባላውቅም ዋና እንደሚችል አልጠራጠርም። እኛ ግን ስለማንችል የራሳችንን ደንብ አውጥተናል። ወንዙ ዳር ስንደርስ ተሳፋሪው በሙሉ ይወርዳል፤ ጎልማሶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጥልቀቱን በእግራቸው እየለኩ ይቀድማሉ፤ የሰፈራችን ሼህ ሙሐመድዘይን ከተሳፋሪው መካከል ካሉ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየአፉ አሚን፣ አሜን ይላል፤ ከዚያ እኔ ባዶውን መኪና ይዤ እገባለሁ። ባለፈው ሳምንት ሼሁ «ያ ረቢ፣ ድልድዩን ሰጥተኸናል፤ አሁን ደግሞ የሚከፍተውን ሰው ስጠን» ብለው ሲለምኑ፣ ነገሩ ክቡርነትዎን እንደሚመለከት ስለገባኝ ከሁሉም ጮክ ብዬ አሜን ብያለሁ።

፪ኛ. ይኸው ወንዝ የሁለት ወረዳዎች ወሰን ነው። መሃሉ ላይ ያለው ጉድጓድ እንዲደፈን ከወዲህ ያለውን ጽሕፈት ቤት ብጠይቅ ጉድጓዱ የማዶዎቹ ነው አሉኝ፤ ማዶ ተሻግሬ ብጠይቅ የወዲህኞቹ ነው አሉኝ። የእርስዎ ቢሮ በበኩሉ፣ ተለዋጭ መንገድ ጊዜያዊ ስለሆነ ጥገና እንደማይመለከተው በትሕትና አስረድቶኛል። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የተሰበረው የመኪናዬ ባሌስትራ ግን ጊዜያዊ አልነበረም።

፫ኛ. ሰኔ ላይ እንግዶቹ መጡ ተብሎ ሎደር በጠዋት ቁልሎቹን ሲያነሳ በዓይናችን አየን። መላው ቀበሌ የክት ልብሱን ለብሶ፣ ቄጠማ ጎዝጉዞ መንገድ ዳር ቆመ። ረፋዱ ላይ አንዲት ነጭ ላንድ ክሩዘር ብቅ ስትል ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ሽማግሌዎቹ መኪናዋን አስቁመው ረጅም ምርቃት አወረዱ። የወረዱት ሰዎች ፍየል ሊከትቡ ወደ ገጠር የሚያልፉ የእንስሳት ሐኪሞች ነበሩ። እነሱም አፍረው፣ እኛም አፍረን፣ እንዲያው ውለታችንን ላለማስቀረት ይመስለኛል፣ እጃቸውን እያውለበለቡ ሄዱ። ከቀትር በኋላ እንግዶቹ እንደቀሩ ሲሰማ ሎደሩ ተመልሶ አፈሩን ቦታው ላይ ቆለለው። ከዚህ የተማርኩት፣ ያንን ቁልል ለማንሳት አንድ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ እንደሚበቃ ነው።

፬ኛው አቤቱታ ሳይሆን ልመና ነው፤ ቀልዴን ሁሉ ያወጣሁትም እዚህ ለመድረስ ድፍረት ስላጣሁ ነው። ባለቤቴ አለሚቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯም ገብቷል። የመጀመሪያ ልጃችንን በኦፕራሲዮን ስለወለደች፣ ሁለተኛውን ከወልድያ ሆስፒታል ውጭ እንዳትወልድ ሐኪሞቹ አጥብቀው ነግረውናል። ወልድያ ቤት ተከራይተን እንዳናስቀምጣት ታማሚ እናቷን ትታ አልሄድም አለች። ወንዙ ሲሞላ ተሳፋሪ ሁሉ ይወርዳል ብያለሁ፤ እሷ ምጥ ላይ ሆና የት ትወርዳለች? እፈራለሁ፤ ዝናብ ሲያጉረመርም እንቅልፍ የለኝም። እንግዶቹን አልቃወምም፣ ሪባናቸውንም ይቁረጡ፤ እስከዚያው ግን ቁልሉን ያንሱልን። ሲመጡ መልሰን እንዘጋዋለን፤ አካፋ አለን።

ክቡርነትዎ ጊዜዎን ሰውተው ይህን ካነበቡ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ካላነበቡም ልማድዎን ስላላጓደሉ አከብርዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከብዙ ጭቃ ጋር፣
አስፋልትዎን በሩቁ የሚያደንቅ ሾፌር፣
ሲሳይ ብርሃኔ፣ ከመርሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አጣጥፌ ለመላክ ሳስብ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አለሚቱን ምጥ ያዛት። ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። በሚኒባሴ እስከ ቁልሉ አደረስኳት፤ ድንጋዩንና አፈሩን በአካፋ ለማንሳት ጊዜ አልነበረም፤ ከወልድያ የተጠራው አምቡላንስም መጥቶ ከወዲያኛው ቁልል ጀርባ ቆመ። በመኪና ብልጭ ብሎ የሚያልቀውን ያንን አስፋልት ጎረቤቶቼ በእድራችን ቃሬዛ ተሸክመዋት ተያያዙት፤ ሼህ ሙሐመድዘይን ከፊት ከፊት እየሄዱ፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ አሲያ እጇን ይዘው። ጥበቃዎ ረዲ «እኔ የታዘዝኩት መኪና እንዳላሳልፍ ነው፣ ቃሬዛ አላሉኝም» ብሎ እሱም አንዱን ጫፍ ያዘ፤ እባክዎ እንዳይባረር።

ከድልድዩ ትንሽ እንዳለፍን ልጅቱ ተወለደች። ወይዘሮ አሲያ በሻርፓቸው ጠቀለሏት፤ ደህና ናት። እናቷ ግን ብዙ ደም ፈሷታል፤ አሁን ሆስፒታል ተኝታ ደም እየተሰጣት ነው። ሐኪሞቹ ትተርፋለች አላሉኝም፣ አትተርፍምም አላሉኝም፤ ይህን የምጽፍልዎ በሩ ላይ ቆሜ ነው።

ክቡርነትዎን የማስቸግረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። እንግዶቹ ሲመጡ ከድልድዩ አለፍ ብሎ ነጩ መስመር ላይ ጠቆር ያለ እድፍ ያያሉ። የሥራ ጉድለት መስሏቸው ተቋራጩን እንዳይቀጡት ይንገሩልኝ። ጎረቤቶቼ በባልዲ ውሃ ደጋግመው አጥበውታል፤ አልለቀቀም አሉኝ። የአለሚቱ ደም ነው።